ተቆልፎ የቀረ መዝገብ

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ሰዓት አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «የመሬቴ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል ተባልኩ። ግልባጭ ልጠይቅ ብሄድ ‹ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል፤ ሌላ ቀን ይምጡ› አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ከሞተ የኔም መሬት አብሮ ሞተ ማለት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩ የሚያስቅ አይደለም እኮ። ወረቀት ሲቃጠል አመዱ ይታያል፤ ምስጥ ሲበላው ትቢያው ይቀራል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ነገር ግን አይታይ፣ አይዳሰስ። «የለም» ከተባለ የት ሄዶ ይፈለጋል? ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ለእሳቸው ጥያቄ መልስ አደረግነው።

መልሱን ባጭሩ እንናገር። ኮምፒዩተር እምቢ አለ ማለት መዝገቡ ጠፋ ማለት አይደለም። መዝገቡ ደህና ሆኖ በሩ ብቻ የሚቆለፍበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያሳይ በውጭ አገር የደረሰ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ እሱን እንመለከታለን። በመጀመሪያ ግን ዕቃውን እንወቅ።

ኮምፒዩተር የሚያስብበት ክፍል ሌላ ነው፤ የሚያስቀምጥበት ክፍል ሌላ ነው። የማስቀመጫው ስም ሃርድ ዲስክ ይባላል። (ዛሬ ሳህን የሌለው ሌላ ዓይነት ማስቀመጫም አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።) የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ መጠኑ ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም። ከብረት የተሠራ ስለሆነ ግን ለእጅ ከበድ ይላል። በውስጡ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች አሉ። የአንዱ ሳህን ስፋት ከዳር እስከ ዳር 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሳህኖቹ በአንድ ዘንግ ላይ ሆነው በሞተር ይሽከረከራሉ። ዛሬ የምናወራለት ዓይነት በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ይህን ለ60 ብናካፍል በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው።

ከሳህኑ በላይ ቀጭን ክንድ አለ። በክንዱ ጫፍ ላይ «ራስ» የሚባል በጣም ትንሽ ነገር አለ። ይህ ራስ እንደ እስክሪብቶ ይጽፋል፤ እንደ ዓይን ያነባል። የሚጽፈው ግን በቀለም አይደለም፤ በማግኔት ነው። ራሱ ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ነፋስ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው። በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት ብትገባበት ለእሱ ቋጥኝ ናት። ስለዚህ ማንም ሰው የሃርድ ዲስክን ክዳን ቤቱ ውስጥ ከፍቶ ማየት የለበትም። ብዙ ሰው «እስቲ ውስጡን ልየው» ብሎ ደህናውን ዕቃ ገድሏል።

ምን ያህል ይይዛል? አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 የመጀመሪያውን ሲያወጣ ዕቃው የሰው ቁመት ያህል ነበረ። 50 ሳህኖች ነበሩት። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ የምናወራለት ትንሹ ዕቃ ግን 500 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ባይት ማለት የኮምፒዩተር መስፈሪያ ነው፤ እንደ ቁና በሉት። በዘመኑ የተለመደው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ፣ በየገጹ 1500 ፊደል ቢኖርበት፣ 900000 ባይት ይሆናል። ስናካፍለው በዚያ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ከ550000 በላይ መጻሕፍት ይገባሉ። በየቀኑ አንድ አንድ ብናነብ 1500 ዓመት አይበቃንም። ይህ ሁሉ በአንድ በር ይገባል፤ በአንድ በር ይወጣል። በሩ ሲዘጋ ምን ያህል ነገር እንደሚታገት አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሃርድ ዲስክ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሳጥን አይደለም። በታችኛው ጎኑ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተገጥሞለታል። በሰሌዳው ላይ የራሱ ትንሽ አእምሮ አለ። ይህ አእምሮ መቼ ሞተሩን እንደሚያስነሳ፣ ክንዱን ወዴት እንደሚልክ፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ቦታ እንደተቀመጠ የሚነግረው ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ትእዛዙ ፋብሪካው ውስጥ ተጽፎ ይገባለታል። ፈረንጆቹ ፈርምዌር ይሉታል። እኛ እዚህ «የውስጥ ደንብ» ልንለው ወደድን። ማህበር ያለ መተዳደሪያ ደንብ እንደማይቆም፣ ሃርድ ዲስክም ያለ ውስጥ ደንብ ብረት ብቻ ነው።

ይህ ደንብ የት ነው የሚቀመጠው? ጥቂቱ በሰሌዳው ላይ ባለች ትንሽ ዕቃ፣ ቺፕ በምትባለው ውስጥ ነው። የቀረው ግን እዚያው ሳህኖቹ ላይ ነው፤ የእኛ ጽሑፍ በማይደርስበት በተከለለ ቦታ። እንዴ! መጋዘኑ የሚከፈትበት ደንብ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው? አዎን፣ እንደዚያ ማለት ነው። ይኼ ነገር በኋላ ይመጣልና ልብ በሉት።

ደንብ የሚጽፈው ሰው ነውና ይሳሳታል። ስህተት ሲገኝ ፋብሪካው የታረመ ደንብ አዘጋጅቶ ለባለዕቃዎቹ ይሰጣል። ይህ ማሻሻያ ይባላል። አዲሱ ደንብ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። መጻፉ የሚፈጀው ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ለሌላ ዓይነት ዕቃ የተዘጋጀ ደንብ ቢጻፍበት፣ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራል። ሃርድ ዲስኩ በማግስቱ ሲነቃ እንዴት እንደሚነቃ አያውቅም።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸውላችሁ።

በአሜሪካ አገር ሲጌት የሚባል ሃርድ ዲስክ ሠሪ ኩባንያ አለ። ሥራ የጀመረው በፈረንጅ 1979 ነው። ከሠራቸው ዕቃዎች አንዱን ባራኩዳ 7200.11 ብሎ ሰየመው። ባራኩዳ ረጅምና ጥርሰ ስለታም የባሕር ዓሣ ነው። (ኩባንያውም እንደኛው ነው፤ እኛ በሬውን «ጎበዜ»፣ «ዳምጠው» እንደምንለው ለዕቃው የኃይለኛ ስም ያወጣለታል።) 7200 የሚለው ሳህኑ በደቂቃ የሚዞረውን ቁጥር ነው። ዕቃው በብዛት ተሸጠ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ነጋዴው ሒሳቡን፣ ወላጅ የልጁን ፎቶግራፍ አስቀመጠበት።

በፈረንጅ 2008 መጨረሻ ግድም፣ በእኛ 2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ማለት ነው፣ አንድ እንግዳ ነገር መታየት ጀመረ። ሰውዬው ማታ ሲሠራ አምሽቶ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ይተኛል። ጠዋት ሲያበራው ሃርድ ዲስኩ የለም። ዕቃው በቦታው ተቀምጧል፤ ሞተሩ በደህና ይዞራል፤ የሚንኳኳ፣ የሚንቋቋ ድምፅ የለውም። ኮምፒዩተሩ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዲስኩ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ከደቂቃ በኋላም፣ ከሰዓት በኋላም «ሥራ ላይ ነኝ» ነው መልሱ። አንዳንዱ ደግሞ መልስ ይሰጣል፤ ግን «ስፋትህ ስንት ነው?» ሲባል «ዜሮ» ይላል። 500 ቢሊዮን የሚይዝ መጋዘን ስፋቴ ዜሮ ነው አለ!

ምክንያቱ ምን ነበር? ዲስኩ ለራሱ የሚይዘው የማስታወሻ መዝገብ አለ። የገጠመውን ሁኔታ ሁሉ በየመሥመሩ ይመዘግብበታል። የዚህ መዝገብ ዳርቻ 320 ላይ ነበረ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ግን የዳርቻውን ቁጥር በአንድ ሳቱት።

«በአንድ ቁጥር ብቻ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እንሞክረው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር በየሜትሩ ምሰሶ ቢተከልበት ስንት ምሰሶ ይፈልጋል? ክፍላችን ውስጥ አብዛኛው ሰው «አሥር» አለ። በጭረት ሥላችሁ ቁጠሩት። አሥራ አንድ ነው፤ መነሻው ላይም ምሰሶ አለና። የኮምፒዩተር ደንብ ጸሐፊዎችም፣ የተማሩት ሁሉ ሳይቀሩ፣ ዘወትር በዚህ ዓይነት ስህተት ይወድቃሉ። በቁጥር ስትሳሳቱ አትፈሩ ያልናችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የማስታወሻው ቁጥር ልክ 320 ላይ ሳለ፣ ወይም ከ320 በላይ 256 ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እየተጨመረ ከሚመጡት ቁጥሮች በአንዱ ላይ ሳለ፣ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ እንደገና ሲበራ፣ ደንቡ ከመዝገቡ ዳርቻ አልፎ ይረግጣል። በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መገጣጠም ነበረበት። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃዎቹን የሚፈትኑ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ በተከለለው ቦታ ላይ የራሳቸውን ምልክት ትተው ያልፉ ነበር። ምልክቱ ያለበትና ቁጥሩ የገጠመው ዲስክ ነው የሚታመመው። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ከገዙ ሁለት ጎረቤቶች የአንዱ ደህና ሆኖ የሌላው የሚዘጋውም በዚህ ምክንያት ነው። እርግማን አይደለም፤ የቁጥር ግጥምጥሞሽ ነው።

ከዳርቻው አልፎ ሲረግጥ ዲስኩ ስህተቱን ራሱ ያውቀዋል። «የማይገባ ቦታ ላይ ከምጽፍና ከማበላሽ ባቆም ይሻላል» ተብሎ በተሰጠው የጥንቃቄ ትእዛዝ መሠረት ሁሉን ነገር ያቆማል። ጥንቃቄው መልካም ነው። ግን ካቆመ ወዲያ በማስታወሻው ላይ አዲስ መሥመር መጨመር አይችልም። አዲስ መሥመር ካልጨመረ ቁጥሩ ከ320 አይነቃነቅም። በማግስቱ ሲበራ ያው 320 ነው፤ ያው ስህተት፣ ያው መቆም። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ፤ መቀርቀሪያውን የሚያነሣው ደንብም ውስጥ ነው ያለው። መዝገቡ ግን፣ ፎቶግራፉ፣ ሒሳቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት ሳህኑ ላይ አለ።

ወሬው ተዛመተ። ኩባንያው በጥር 2001 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2009) የታረመ ደንብ አወጣ። ዲስካቸው ገና ያልታመመባቸው ሰዎች ፈርተው ነበርና ቶሎ ቶሎ ጫኑት። ከዚያ ምን ሆነ? ማሻሻያው ራሱ ስህተት ነበረበትና 500 ቢሊዮን ባይት ከሚይዙት ውስጥ ደህና ይሠሩ የነበሩትን ሳይቀር አንዳንዶቹን አሰናከለ። እንዳይታመም ተብሎ በተወጋው መርፌ የወደቀ በሬ ማለት ነው። ኩባንያው ማሻሻያውን ሰብስቦ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌላ ተካው። ለተጎዱትም መዝገባቸውን ያለ ክፍያ እንደሚያወጣላቸው አስታወቀ።

እኛ ስናየው ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። ኩባንያው መድኃኒቱን በየዓይነቱ ዲስክ ላይ በሚገባ ሳይፈትን መስጠት አልነበረበትም። ከሁለቱ የሱ ጥፋት ይበልጣል። ግን ሰዉም ቢሆን መዝገቡን ሌላ ቦታ ሳይገለብጥ በሚሠራ ዲስክ ላይ አዲስ ደንብ ጽፏል። ዲስኩ እኮ ያን ሰዓት ይከፈት ነበር! መገልበጥ ይቻል ነበር።

ታዲያ የተቆለፈው እንዴት ተከፈተ? ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰቡ ባለሙያዎችና በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ እየተነጋገሩ አንድ መንገድ አበጁ። ይህ መንገድ የተበጀው በማስታወሻው ስህተት ለተቆለፉት ነው። አሠራሩን የምንጽፈው እናንተ ነገ ተነሥታችሁ እንድትሠሩት ሳይሆን፣ ሥራው ተአምር እንዳልሆነ፣ በሐሳብ የሚደረስበት መሆኑን እንድታዩ ነው።

ከዲስኩ የመረጃ ገመድ መሰኪያ አጠገብ መርፌ የመሰሉ አራት አጫጭር ብረቶች አሉ። ፋብሪካው ከዲስኩ ጋር በቀጥታ የሚነጋገርባቸው ናቸው፤ የጓዳ በር በሏቸው። ባለሙያው ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዞ፣ አንዱን ለመናገር፣ አንዱን ለመስማት፣ አንዱን ለመሬት፣ ከሌላ ደህና ኮምፒዩተር ጋር ያገናኛል። በመካከል አንድ ርካሽ ማስማሚያ ያስፈልጋል። ለምን ቢሉ፣ የድሮ ኮምፒዩተሮች የንግግር መሰኪያ እስከ 12 ቮልትና ከዚያም በላይ ይልካል። የዲስኩ የጓዳ በር ግን የሚችለው 3.3 ቮልት ያህል ነው። ያለ ማስማሚያ ቢገናኝ ይቃጠላል። የንግግሩም ፍጥነት በሰከንድ 38400 ሆኖ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ የሚመጣው ጽሑፍ የማይነበብ ጉራማይሌ ነው።

አሁን ዲስኩ ሲበራ ያንን መዝገብ አንብቦ ስህተቱ ላይ ከወደቀ በኋላ የጓዳውንም በር አይሰማም። ስለዚህ መዝገቡን እንዳያነብ መከልከል አለበት። እንዴት? መላው ደስ ይላል። ሰሌዳው የተያዘባቸው ትናንሽ ብሎኖች በባለኮከብ ጫፍ መፍቻ ላላ ይደረጋሉ። ሰሌዳው ከውስጡ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ አንድ ቁራጭ ወፍራም ወረቀት ይሰገሰጋል። በቃ፣ ወረቀት ነው! ዲስኩ ሲበራ አእምሮው ይነቃል፤ ሳህኑን ግን ማንበብ አይችልም። ካላነበበ 320ን አያገኝም። ካላገኘ አይቆምም። እንግዲህ ትእዛዝ ይሰማል።

ባለሙያው በጽሑፍ «ሞተሩን አቁም» ይለዋል። ዲስኩ «አቁሜያለሁ» እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ እንደበራ ወረቀቱን በዝግታ ይስባል፤ ብሎኖቹን መልሶ ያጠብቃል። እጁ ከተንቀጠቀጠና መፍቻው ሌላ ቦታ ከነካ ሰሌዳው ይቃጠላል፤ ይህ የሥራው ክፉ ቦታ ነው። ቀጥሎ «ሞተሩን አስነሳ» ይላል። ሳህኑ መዞር ይጀምራል። ልብ በሉ፤ ዲስኩ ቀድሞውኑ ነቅቷል። የጠዋቱን የመዝገብ ምርመራ ዳግመኛ አያደርግም። ስለዚህ በስህተቱ ሳያልፍ ሳህኑ ጋር ደረሰ። አሁን «ያንን ማስታወሻ አጥፋ» ተብሎ ይታዘዛል። 320 ጠፋ። ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሳህኑ እስኪቆም ይጠበቃል፤ እንደገና ይበራል።

አንድ ሥራ ይቀራል። ዲስኩ «ይህ ጽሑፍ በዚህ ቦታ ነው» የሚልበት ማውጫ አለው። ስፋቴ ዜሮ ነው ያለው ዲስክ ማውጫው የተዛባበት ነው። ይህን ማውጫ እንደገና እንዲያዘጋጅ በአንድ ረጅም ትእዛዝ ይነገረዋል። ትእዛዙ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። እዚህ ላይ አንዲት ቁጥር ብትጎድል ወይም ብትሳሳት ማውጫው በተሳሳተ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ደህና የነበረው መዝገብ የምር ይጠፋል። እስከዚህ በደህና ደርሰው በችኮላ አንድ ምልክት ያበላሹ ሰዎች ነበሩ። መጻፍ ስንማር «ከመርገጣችሁ በፊት ድገሙና አንብቡ» የምንለው ነገር እዚህ ቦታ ላይ ሀብት ያድናል።

በዚህ መንገድ ብዙ ሰው መዝገቡን አገኘ። ሲከፈትለት መጀመሪያ ምን ማድረግ ነበረበት? ማሻሻያውን መጫን? አይደለም! ሌላ ዲስክ አምጥቶ ሁሉን ነገር መገልበጥ ነው። ደንቡ ከዚያ በኋላ ይታረማል።

ማሻሻያው ራሱ ተጨናግፎበት የተዘጋ ዲስክስ? መብራት ጠፍቶበት ግማሹ የተጻፈ ማለታችን ነው። ይኼ የተለየ በሽታ ነው፤ የወረቀቱ መላ ለሁሉ አይሆንም። መጀመሪያ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ይቅር፤ ምንም አይጠቅምም። በዲስኩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ፊደል ሳይቀር ይጻፍ። ለዚያው ቁጥር የተዘጋጀው ደንብ ይፈለግ፤ ዲስኩ ትእዛዝ የሚሰማ ከሆነ በትክክል እንደገና ይጻፍበት። ትእዛዝ የማይሰማ ከሆነ ነገሩ ወደ ሰሌዳው ቺፕ ይሄዳል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ገዝቼ ሰሌዳውን ብቀይርስ?» ይላል። ብቻውን አይበቃም። በዘመኑ ዲስኮች የእያንዳንዱ ራስ ልኬት ፋብሪካው ውስጥ ተለክቶ በራሱ ሰሌዳ ቺፕ ላይ ይጻፋል። ቀንበር በበሬው ጫንቃ እንደሚበጅ ነው፤ የሌላው ለዚህኛው አይገጥምም። የድሮዋን ቺፕ ነቅሎ አዲሱ ሰሌዳ ላይ መበየድ ይገባል፤ ይህም የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ከላይ ያልነው አንዱም አይሠራም። የታመመው ራሱ ነው። በበራ ቁጥር ሳህኑን ሊፍቅ ይችላልና አጥፍቶ ንጹሕ ክፍል ላለው ባለሙያ መስጠት ብቻ ነው ያለው።

በእኛ አገር መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ማሻሻያ የሚጭን ሠራተኛ ባትሪ ያለው ኃይል ማቆያ ሳያገናኝ መጀመር የለበትም። ይህን የምንለው ለናንተ አይደለም፤ ግን ነገ ልጃችሁ ያን ወንበር ይቀመጥበት ይሆናል።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ኮምፒዩተሩ ቢሞት መሬታቸው አይሞትም፤ በእጃቸው ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ራሱ አንድ ግልባጭ ነው። ቢሮው ውስጥ ያለው ግን ከአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ መጨነቃቸው ልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን እንዲቀይሩ መከርናቸው። «ኮምፒዩተሩ ተሠራ ወይ?» ሳይሆን «የመዝገቡ ግልባጭ የት ነው የተቀመጠው?» ብለው ይጠይቁ። እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከተባሉ፣ ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ ይንገሯቸው። አንድ ዘር ብቻ በአንድ ጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ የለምና ይህን ለማስረዳት ከእሳቸው የተሻለ ሰው አይገኝም።

«ደብተሩን የት አስቀምጠውታል?» ብለን ብንጠይቃቸው «ከጣሪያው ሥር፣ ጢሱ ከሚያልፍበት ላይ ሰክቼዋለሁ፤ አይጥ እንዳይደርስበት» አሉ። በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ እንዲያኖሩት ተነጋገርን። ማክሰኞ ለገበያ ሲወርዱ ቢሮው ጎራ ብለው ሊጠይቁ ቀጠሮ ይዘዋል። ጥያቄውን በራሳቸው እጅ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈውታል፤ «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ብቻ ሁለት ጊዜ ሰርዘው አስተካክለውታል።

መለማመጃ

1. የማስታወሻው ቁጥር 320፣ 576፣ 832 ላይ ሲደርስ ዲስኩ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው?

2. ወረቀቱ የተሰገሰገው ለምን ነበር? በራሳችሁ ቃል በሦስት መሥመር ጻፉ።

3. 20 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር በየ2 ሜትሩ ምሰሶ ቢተከልበት ስንት ምሰሶ ያስፈልጋል? መጀመሪያ በጭረት ሥላችሁ ቁጠሩ።

4. በቤታችሁ ውስጥ አንድ ብቻ የሆነ፣ ግልባጭ የሌለው ወረቀት የትኛው ነው? ስሙን ጻፉ።